አንዱን ሳይጨርሱ ሁለተኛውን መጀመር ይገባልን?

በ2017 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን፥ በጉና ተራራ ግርጌ ከሚገኙት መንደሮች በአንደኛው የሚኖሩ አንድ ገበሬ ልጃቸውን አስከትለው ደብረ ታቦር ወደሚገኘው ቤታችን መጡ። ልጁ ከጥቂት ዓመታት በፊት በእጃችን የተማረ፥ በዚያ ጊዜ ግን በዩኒቨርሲቲ የሒሳብን ትምህርት ይዞ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ የደረሰ ወጣት ነበር። አባቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከተቀመጡ በኋላ፥ «መምህር፥ ያስተማሩት ልጅ ነውና አንቱ ይፍረዱን። ይህ ልጅ የያዘውን ትምህርት ሳይጨርስ የሚቀጥለውን ካልጀመርሁ ይላል። የፊተኛው ማሳ ሳይታረም ሌላ ማሳ ይታረሳልን? ከእርሱ በታች ያሉት ሦስቱ ደብተርና ጫማ ይፈልጋሉ፤ እኔም የምቆጥረው ተመርቆ ደመወዝ የሚይዝበትን ቀን ነው» አሉን።

ልጁ ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «መምህር፥ ዲግሪውን አሁን ልያዝ አላልሁም። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የሚማሩትን ሒሳብ ከአሁኑ ማንበብ ልጀምር፥ በትምህርታቸውም ሰዓት ከኋላ ተቀምጬ ልስማ ነው ያልሁት። አንድ መምህራችንም ፈቅደውልኛል» አለ።

ነገሩ የአንድ ቤት ክርክር ቢመስልም፥ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከ ቤተ ሰብ ሁሉ አንድ ቀን ሊሰማው የሚችል ጥያቄ ነው። ስለዚህ በዚያ ዕለት የሰጠነውን መልስ ብቻ ሳይሆን፥ ወደ መልሱ የደረስንበትንም መንገድ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

የጥያቄው ፍሬ ነገር

አስቀድሞ የልጁን አሳብ በሚገባ መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን ሥርዓት የሒሳብ ተማሪ የመጀመሪያውን ዲግሪ የሚይዘው በ4 ዓመት ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፊተኛው ዓመት ሁሉ በጋራ የሚማሩበት ሆኖአልና። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሻም ከዚያ በኋላ ሌላ የመግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል። በአሜሪካ ባሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የበረታ የሒሳብ ተማሪ ገና ሳይመረቅ ከሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ይማራል፥ ይፈተናል፥ ውጤቱም ይመዘገብለታል። በእኛ ዘንድ ግን ለሁለተኛው ዲግሪ የሚመዘገበው የመጀመሪያውን የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ቢሰማ ነጥብ አይያዝለትም፥ ወረቀትም አይሰጠውም፤ የሚያተርፈው ዕውቀቱን ብቻ ነው።

ይህ ዕውቀት ከያዘው የሚለየው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ በጥያቄውም ነው። በታችኛው ደረጃ ያለ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። የላይኛው ግን «ስለ ምን እንዲህ ሆነ? ሁልጊዜስ እንዲህ ይሆናልን?» ይላል። ለምሳሌ ያህል፥ ገበሬ ገመድ ጥሎ የማሳውን ስፋት ይለካል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ዳርቻው የተጠማዘዘውን ማሳ ስፋት በካልኩለስ ያወጣል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ደግሞ፥ «ለመሆኑ ስፋት ማለት ምንድር ነው? እንደ ተዘራ ጤፍ የተበታተነ ነገርስ ስፋት አለውን?» ሲል ይጠይቃል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሌበግ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክተርነት ጽሑፍ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ሰጠ፤ የዛሬውም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ትምህርቱን በአብዛኛው ከዚያ መልስ ይጀምራል።

ጥያቄው በእኛ አገር መነሣቱ ራሱ አዲስ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ የድኅረ ምረቃው ትምህርት ቤት ግን የተቋቋመው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የሒሳብ ተማሪ ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ ለመማር ሲያስብ በአብዛኛው ባሕር መሻገርን ማሰብ ነበረበት። ዛሬ ባሕር ዳርና ጎንደር ሁለተኛ ዲግሪ በሒሳብ ይሰጣሉ፤ ደብረ ታቦርም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የራስዋ ዩኒቨርሲቲ አላት። ቀድሞ ለጉና ልጅ የማይታሰብ የነበረው ክፍል ዛሬ በአንድ ቀን መንገድ የሚደረስበት ሆኖአል። በሩ ሲቀርብ ደግሞ፥ «መቼ ልግባ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

የተማሪ ቤት ሥርዓት

ለአባትዮው ልንመልስላቸው ስንጀምር ትዝ ያለን ያደግንበት የተማሪ ቤት ነው። የደቡብ ጎንደር ሰው ይህን ሥርዓት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ድጓን ሊያስመሰክር የሚሻ ጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም ይወጣል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፤ የአቋቋሙም ትምህርት በደብረ ታቦር ስም የሚጠራ ስልት አለው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ሁሉ፥ «ይህ ክፍል ዛሬ አለቀ፥ ነገ ሌላው ይጀመራል» የሚል ደወል የለም። በቅኔ ቤት መወድስ ለመቊጠር የደረሰ ተማሪ፥ ትናንት ለመጣው ጀማሪ ጉባኤ ቃና ያሳያል። በዜማ ቤት ድጓውን ገና ያልዘለቀ፥ ለታናናሾቹ ጾመ ድጓ ያስቀጽላል። ላይኛውን ይማራል፥ ታችኛውን ያስተምራል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን፥ በአንድ ዛፍ ሥር ይፈጸማሉ።

ስለዚህ አንዱን ሳይጨርሱ ሁለተኛውን መጀመር ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ አይደለም፤ በእኛው ደጅ የኖረ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ሁለት ጠባቂዎች ነበሩት። አንደኛው የመምህሩ ፈቃድ ነው፤ «እለፍ» ሳይባል የሚያልፍ አልነበረም። ሁለተኛው ታናናሾችን ማስተማር ነው፤ ያላወቀውን የሚያስተምር ሰው ወዲያው ይታወቅበታልና።

እኛ በልጅነታችን ከእነዚህ ጠባቂዎች ለማምለጥ ሞክረን ነበር። ቅኔ ቤት በገባን በሁለተኛው ዓመት ታላላቆቻችን መወድስ ሲቀኙ ሰምተን ቀናን። ግሱን በሚገባ ሳንይዝ፥ የኔታም «እለፉ» ሳይሉን፥ ሌሊት ከታላላቆቹ ጎን እየተቀመጥን የእነርሱን ቅኔ በቃላችን ማጥናት ጀመርን። በአፋችን ላይ ስምንት ቤት መወድስ ስላለ ባለ መወድስ የሆንን መሰለን። አንድ ማለዳ የኔታ በጉባኤው መካከል ጠሩንና የዕለቱን በዓል የሚመለከት ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ብቻ እንድንቀኝ አዘዙን። የመጀመሪያውን ቤት ጀመርን፤ በሁለተኛው ግሱ ከዳን፤ በሁሉ ፊት ቆመን ቀረን። የኔታ አልተቈጡንም፤ «ልጄ፥ የሰው ጣራ ላይ ወጥተህ ቤት ሠራሁ አትበል» ብለው ወደ ጉባኤ ቃና መለሱን፥ ለአዲሶቹም ተማሪዎች ግስ እንድናስቈጥር አዘዙን። ያን ክረምት በኀፍረት ጀመርነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የያዝነው ቅኔ ሁሉ የቆመው ለሌሎች ስናስቈጥር በተማርነው ግስ ላይ ነው።

በዚህ ምክንያት፥ የልጁን ነገር በሰማን ጊዜ «ሂድ» ለማለትም «ቆይ» ለማለትም አልቸኰልንም። «በያዘው ላይ ቆሞአልን? ወይስ በሰው ጣራ ላይ ነው?» ብለን ልንመረምረው ወደድን።

በባሕረ ሐሳብ የተደረገ ፈተና

የዩኒቨርሲቲውን መጻሕፍት ይዘን ልንፈትነው አልቻልንም፤ እነርሱን ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ሁለታችንም የምናውቀውን ባሕረ ሐሳብ መረጥን፤ ልጁ በአጥቢያው ካህን ዘንድ ንባብ ሲማር ቀምሶታልና። ወረቀትና እርሳስ ሰጥተን፥ «የሚመጣውን የ2018 ዓ.ም. በዓል አውጣልን» አልነው።

ሳይቸገር ጀመረ። 5500 ዓመተ ኵነኔን ከ2018 ዓመተ ምሕረት ጋር ደምሮ 7518 ዓመተ ዓለም አገኘ። ይህን ለ4 ሲያካፍል 2 ቀረ፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው አለ። ለ19 ሲያካፍል 13 ቀረ፤ ከዚህ አንዱን ቀንሶ ወንበሩን 12 አደረገ። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው አበቅቴው 12 ሆነ፤ ያንኑ ወንበር በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው መጥቅዑ 18 ሆነ። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም 18 ይውላል፤ ያ ቀን እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18ና 7 ሲደመሩ 25 ይሆናሉ። እንግዲህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቈጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል አለ። ሥራው ሁሉ ትክክል ነበረ።

ይህ ግን «ስንት ይሆናል?» የሚለው ብቻ ነው። ቀጥለን፥ «አበቅቴና መጥቅዕ ዘወትር ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። እኛ በልጅነታችን ይህን እንደ ሕግ በቃል ተቀበልነው። አንተ ግን ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ ንገረን» አልነው።

ጥቂት አሰበና፥ «አንዱን ወንበር በ11 ማባዛትና ያንኑ ወንበር በ19 ማባዛት፥ ሲደመሩ ወንበሩን በ30 ማባዛት ነው። በ30 የተባዛ ቁጥር ለ30 ሲካፈል ቀሪ የለውም። እንግዲህ ሁለቱ ቀሪዎች እያንዳንዳቸው ከ30 ያነሡ ስለሆኑ፥ ድምራቸው ወይ ዜሮ ወይ 30 ከመሆን በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። ዜሮ የሚሆነውም ወንበሩ አልቦ በሆነበት ዓመት ብቻ ነው» አለ። ሊቃውንቱም በዚያ ዓመት መጥቅዑን 30 እንደሚሉት እኛ ጨመርንለት። 11ዱ ደግሞ ከየት እንደ መጣ ያውቅ ነበር፤ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፥ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ፥ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው።

ሦስተኛ ጥያቄ ጠየቅነው። ንዑስ ቀመር 19፥ ማዕከላዊ ቀመር 76፥ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ይባላሉ፤ በ532 ዓመት ወንጌላዊው፥ ዕለቱና የጨረቃው ስፍር ሁሉም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ስለ ምን 532 ሆነ? ልጁ ፊቱ በራ። «ወንጌላዊ በ4፥ ዕለት በ7፥ የጨረቃው ስፍር በ19 ይዞራሉ። ከሦስቱ ማናቸውም ሁለቱ፥ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱ ሁሉ አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱበት ትንሹ ቁጥር ብዜታቸው ነው፤ 4 በ7 በ19፥ 532 ይሆናል። 4ና 6 ቢሆኑ ኖሮ ግን 24ን ሳይጠብቁ በ12 ይገናኙ ነበር፤ ሁለቱ 2ን ይጋራሉና» አለ። ከጥንት ቻይናውያን ጀምሮ የሚታወቀው የቀሪዎች ደንብ በዚህ ላይ እንደ ቆመ፥ በሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠው አልጀብራም ይህንኑ ከቁጥር አሳልፎ ቁጥር ላልሆኑ ነገሮች ሁሉ እንደሚያሰፋው ነገረን።

እኛ በዚህ ጊዜ ልጁ «ስለ ምን?» ወደሚለው ቤት ገብቶአል ብለን አመንን። የቀረው ሁለተኛው ጠባቂ ብቻ ነበረ።

አባትየው የፈቱት ነገር

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃችን ቡና ይዛ ገባች። «ይህን የ532ን ነገር ለእርስዋ አስረዳት» አልነው። ልጁም ጀመረ፤ ነገር ግን «ሞዱሎ» አለ፥ «አይሶሞርፊዝም» አለ፥ በዚያው ቀጠለ። ልጅቱ አንድ ጊዜ እርሱን አንድ ጊዜ እኛን ተመልክታ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እርሱም ደነገጠ፤ ከደቂቃ በፊት ውሃ የመሰለው ነገር ስለ ምን በአፉ እንደ ከበደ አላወቀም።

እስከዚያ ድረስ ሲኒያቸውን ይዘው ዝም ብለው የነበሩት አባትዮው በዚህ ጊዜ ተናገሩ። «መምህር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በመንደራችን የከብት ጥበቃ ተራ በየ4 ቀኑ ይደርሰኛል። በበጋ ደግሞ የመስኖ ውሃ ተራ በየ7 ቀኑ ይደርሰኛል። ሁለቱ ተራዎች በአንድ ቀን የሚወድቁብኝ በየ28 ቀኑ ነው፤ ያን ቀን ቤተ ሰቡ ለሁለት ይከፈላል፥ እናቱም ለእኔ ምሳ የምትልክበት ሰው ታጣለች። ልጁ የሚለው ይህን ነውን?»

ልጃችን ወዲያው፥ «እንግዲያስ በየ19 ቀኑ የሚደርስ ሦስተኛ ተራ ቢጨመርብዎ፥ ሦስቱም የሚገናኙት 28ን በ19 አባዝተው ነው፤ 532!» አለች።

በቤቱ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። ልጁ አባቱን አተኵሮ ተመለከተ። ያን ያህል ዓመት በመጽሐፍ የፈለገውን ነገር አባቱ በየ28 ቀኑ በትከሻቸው ሲሸከሙት ኖረዋል። አባትዮውም በበኩላቸው ልጃቸው የሚማረው ነገር ከእርሳቸው ኑሮ እጅግ የራቀ እንዳልሆነ በዚያች ሰዓት ያወቁ ይመስለናል፤ ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ ድምፁ ለዝቦ ነበርና።

ከሩቅ አገር ሁለት ምሳሌዎች

በዚህ ላይ የሁለት ሰዎችን ታሪክ ነገርናቸው። አንደኛው ሩሲያዊው አንድሬ ኮልሞጎሮቭ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ገና ሳይመረቅ ሊቃውንት በሚከራከሩባቸው ጉባኤዎች ተቀምጦ ይሰማ ነበር። በ1922፥ በ19 ዓመቱ፥ ስለ ፉርየ ዝርዝር በዓለም የታወቀ ሥራ ሠራ። ፉርየ የተባለው ፈረንሳዊ የተጠላለፈን ነገር በሞገዶች ድምር መግለጽ እንደሚቻል አስተምሮ ነበር፤ ወጣቱ ኮልሞጎሮቭ ግን ድምሩ በሁሉም ስፍራ ለማለት እስኪቻል ድረስ የማይሰበሰብበትን ምሳሌ ሠርቶ አሳየ። የተመረቀው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1925 ነው። አንባቢዎቻችን ይልቁንም ይህን ያስተውሉ፤ ይህ ወጣት ከ1922 ጀምሮ ትምህርቱን እስኪፈጽም ድረስ በአንድ የሞስኮ ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሒሳብ ያስተምር ነበር። እንደ ቅኔ ቤታችን ተማሪ ላይኛውን ይማራል፥ ታችኛውን ያስተምራል።

ሁለተኛው አውስትራልያ የተወለደው ቴረንስ ታኦ ነው። በልጅነቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ፤ ከዚያም ለዶክተርነት ወደ ፕሪንስተን ሄደ። በዚያ ያለውን ታላቅ የቃል ፈተና ግን በቂ ዝግጅት ሳያደርግ ገብቶ፥ ለጥቂት እንዳለፈው ራሱ ጽፎአል። ያ ድንጋጤ አጠናኑን እንዲለውጥ አደረገው። ዶክተርነቱን በ1996 እ.ኤ.አ. ተቀበለ፤ በ2006ም ለሒሳብ ሊቃውንት ከሚሰጡት ሽልማቶች እጅግ የከበረውን የፊልድስን ሜዳይ አገኘ። እንዲህ ያለው ሰው እንኳ ቀድሞ መግባቱ ከፈተና አላዳነውም፤ ያዳነው ተመልሶ መሠረቱን ማጥናቱ ነው።

የተሰጠው ፍርድ

ከዚህ በኋላ ፍርዳችንን ሰጠን። ልጁ ይጀምር፤ ነገር ግን አራት ነገሮችን ይጠብቅ።

መጀመሪያ፥ የያዘው ትምህርት የፊተኛውን ስፍራ ይያዝ። የመውጫ ፈተናው የሚጠይቀው የያዘውን እንጂ የሚመኘውን አይደለም። በአንድ መንፈቅ ውጤቱ ዝቅ ቢል፥ ማንም ሳይነግረው ላይኛውን ያቁም።

ሁለተኛ፥ አንድ ትምህርት ብቻ ይምረጥ። ስለ ስፋትና ልክ የሚናገረውን የሌበግን ትምህርት ወይም አልጀብራን ይያዝ እንጂ፥ ሦስት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ አይግለጥ። የፈቀዱለትም መምህር ዘንድ በየሳምንቱ እየሄደ አንድ ነገር መጽሐፉን ዘግቶ ያረጋግጥ። መጽሐፉ ተገልጦ ሳለ የገባን የሚመስለን ብዙ ነው፤ ሲዘጋ የሚቀረው ብቻ የእኛ ነው።

ሦስተኛ፥ በየሳምንቱ ታችኛውን ያስተምር። ለአዲስ ገብ ተማሪዎች ቢሆን፥ ወደ ቤቱ ሲመጣም ለታናናሾቹ ቢሆን።

አራተኛ፥ ወደ ታች መመለስ ቢያስፈልገው አይፈር። እኛ ተመልሰናል፥ አልሞትንም።

አባትዮው፥ «ደመወዙስ?» ብለው ጠየቁን። እውነቱን ነገርናቸው። ይህ ንባብ ደመወዙን አንድ ቀን አያፈጥነውም፤ ሥርዓቱን ከጠበቀ ግን አንድ ቀን አያዘገየውም፤ የሚመረቀው ከጓደኞቹ ጋር ነው። ለንባቡም የሚከፈል ገንዘብ የለም። ከተመረቀ በኋላ ምናልባት የሚጠቅመው በሩ ላይ ነው። በጣልያን አገር በትሪየስቴ ከተማ በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፊዚክስ ማእከል፥ ከ1991 ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ምሩቃን በሒሳብም ጭምር የአንድ ዓመት ትምህርት ይሰጣል። በ2003 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋምም፥ ዛሬ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ቤት ከፍቶ፥ ተማሪዎችን ወጪአቸውን ችሎ ለሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። በእነዚህ በሮች ብዙ ሰው ይጋፋል፤ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል። እንደሚገባ ግን ቃል ልንገባላቸው አልቻልንም፥ አልገባንምም።

አባትዮው ጥቂት አሰቡና ወደ ልጃቸው ዞረው፥ «የከብቱን ተራ አልተውም ካልህ፥ የውሃውን ተራ ጀምር» አሉት። ይህ ቃል እኛ ከተናገርነው ሁሉ ይልቅ አጭርና የተሻለ ሆኖ አገኘነው።

በቡሄ የሰማነው

በዚያው ዓመት በነሐሴ፥ ለደብረ ታቦር በዓል ችቦው በሚበራበት ማታ፥ ልጁ ብቻውን መጣ። ፊቱን አይተን አንድ ነገር እንዳለ ዐወቅን። መጽሐፉን ጀምሮ ከመካከሉ እንዳቆመ በኀፍረት ነገረን። ነገሩ እንዲህ ነው። ለዕረፍት ወደ ቤቱ በመጣ ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እኅቱ፥ «0.999 እያለ ያለ ፍጻሜ የሚሄደው ቁጥር ስለ ምን በትክክል 1 ይሆናል? ጥቂት አይጐድለውምን?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም፥ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» አላት። እኅቱም፥ «እኔ የጠየቅሁህ መጽሐፉ ምን እንደሚል አይደለም» አለችው።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ያለ ፍጻሜ የሚሄድ ነገር «ደረሰ» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ፥ በሁለተኛው ዓመት ፈተናውን አልፎበት ነበር እንጂ፥ በልቡ እንዳልያዘው ተገነዘበ። የሌበግም ትምህርት ሁሉ የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ የላይኛውን መጽሐፍ ዘግቶ የሁለተኛውን ዓመት መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያም ላይ ሁለት ወር ቆየ። ከዚያ በኋላ ለእኅቱ፥ «ጐደለ የምትይውን ያህል ትንሽ ቁጥር ጥሪልኝ፤ የፈለግሽውን ያህል ትንሽ ብትጠሪ፥ ዘጠኞቹን ጥቂት ስጨምር ጕድለቱ ከጠራሽው ያንሳል። ስለዚህ በ1ና በዚህ ቁጥር መካከል ምንም ስፍራ የለም» ብሎ አስረዳት። እኅቱም ብዙ ትንንሽ ቁጥሮች ጠርታ ፈተነችው፥ በመጨረሻም ተቀበለች።

«መምህር፥ ወደ ኋላ ተመለስሁ» አለን። እኛም የኔታን አስበን ደስ አለን። «አልተመለስህም፤ ያለፍኸውን አሁን ገና ያዝኸው» አልነው። በመስከረም የላይኛውን መጽሐፍ ከተወበት ገጽ ሊቀጥል፥ በሰኔም የመውጫ ፈተናውን ሊቀመጥ ተሰናበተን።

ውድ ወላጆች፥ ልጃችሁ አንድ ቀን ይህን የመሰለ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ፥ ገና ነህ ብላችሁ አትከልክሉት፤ ጎበዝ ነህ ብላችሁም አትልቀቁት። ሒሳብ የማታውቁ ብትሆኑም ልትጠይቁት የምትችሉት ሁለት ነገር አለ። «የሚቀጥለውን ማን ያስተምርሃል?» በሉት፤ «የያዝኸውንስ ለማን ታስተምራለህ?» በሉት። ለሁለቱም የሰው ስም ጠርቶ ከመለሰላችሁ፥ ይጀምር።